የእንጨቱን እግር አሳየኝ

ከአል ዐይን በጠዋት አውቶቡስ የመጣችሁ እህቶቼ፣ ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፤ በሳምንት አንዲት የእረፍት ቀን ይዞ አራት ሰዓት ያህሉን አውቶቡስ ላይ ማሳለፍ ቀላል አይደለም።

ባለፈው ስብሰባ የተናገርኩትን ለመጽሔታችን ጽፈሽ አምጪ ተብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ስናገር የረሳሁትን አንድ ሁለት ነገር ጨምሬበታለሁ። የሳቃችሁብኝን ግን አልጻፍኩትም።

ጉዳዬ ምስጥ ነው። ባለፈው ስለ ሥራ ውል፣ ከዚያ በፊት ስለ ስኳር በሽታ ተነጋግረናል፤ ታዲያ ምስጥ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ሀገር ቤት ቤት እየሠራች ያለች ወይም ልትሠራ ያሰበች እጇን ታውጣ ስላችሁ ከግማሽ በላይ አወጣችሁ። በብሎኬት ነው የምሠራው ያላችሁት ሦስት ናችሁ። የቀረነው እንጨትና ጭቃ ነን። ብሎኬቶቹም ቢሆኑ በርና መስኮታቸው፣ ጣራቸውም እንጨት ስለሆነ አይኩራሩ።

የኔን ቤት ልንገራችሁ።

ሰፈሬ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ነው፤ ቆላ ነው፣ ኩይሳ ሞልቷል። ልጅ ሆነን ኩይሳ ላይ ወጥተን ከብት እንጠብቅ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንዳባራ፣ አሸኑ ከመሬት ይፈላል፤ ዶሮው፣ ወፉ፣ ሕፃኑ ሁሉ ይሯሯጣል። በማግስቱ ወለሉ ላይ ክንፍ ብቻ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። እናቴ በመጥረጊያ ሰብስባ ትጥለዋለች። ያ ክንፍ የምስጥ ክንፍ መሆኑን፣ ቤት ውስጥ ከወለል ስር ከወጣ ደግሞ ምስጡ ከቤቱ በታች አለ ማለት እንደሆነ የነገረን ግን አልነበረም።

በ2004 ዓ.ም. ወደዚህ መጣሁ። አራት ዓመት አል ዐይን አንድ ቤት ሠርቼ በ2008 ዓ.ም. ለወንድሜ ገንዘብ መላክ ጀመርኩ። ባለ 50 ቆርቆሮ ቤት ነው ያሰብነው። አባታችን የሠራውን ቤት ምስጥ ሲበላው አይቻለሁና ለወንድሜ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ነገርኩት፤ ተራ አጣና እንዳትገዛ፣ መድኃኒት የገባበትን ግዛ፣ እንደ መብራት እንጨት ያለውን። ዋጋው ከተራው እጥፍ በላይ ነበር። ለቋሚዎቹ ብቻ የአምስት ወር ደሞዜ ሄደ። እሺ እታለም አለኝ። ገዛ። ተሠራ። ቪዲዮ ላከልኝ፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ በሩ ሰማያዊ ተቀብቷል፣ እማ በራፉ ላይ ቆማ ትመርቀኛለች። እኔም ማድ ቤት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የጓዳው ግድግዳ ጎበጠ። ከዚያ ጭቃው ተላቆ ወደቀ። እንጨቶቹ ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ባዶ ነበሩ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ወንድሜን ሌባ አልኩት። ተራ አጣና ገዝተህ ልዩነቱን በልተሃል አልኩት። ማለ፤ በአባታችን አጥንት ማለ። አላመንኩትም። ስልኩን ዘጋሁበት። ከአንድ ዓመት በላይ አልተነጋገርንም። እማ ስትደውል እንኳን «ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል» ስትለኝ ወሬ እቀይር ነበር። ምስጥ ቤቴን ሲበላ አምስት ዓመት ፈጀበት፤ እኔ ግን ወንድሜን በአንድ ስልክ ጥሪ ጨረስኩት።

እውነቱን ያወቅኩት እዚሁ፣ አል ዐይን ነው። የማዳም ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት የበሩ መቃን አንድ ቀን ስወለውል እጄ ገባበት። ቀለሙ ደህና ነው፣ ውስጡ የለም። የማዳም እናት መጥተው አዩና «ሪማ!» አሉ። ሪማ ማለት የኛው ምስጥ ነው። አሮጊቷ ልጅ ሆነው በቴምር ግንድና በዘንባባ የተሠራ ቤት ውስጥ ነው ያደጉት፤ ምስጥን ከኔ በላይ ያውቁታል። እዚህ በረሃ ነው፣ ምስጥ የለም የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አል ዐይን የቴምር ሀገር ናት፤ ውኃ አለ፣ የሞተ ግንድ አለ፣ ምስጥም አለ።

ባለሙያዎች መጡ። ወለሉን ከግድግዳው ስር በየአንድ ክንድ ከስንዝር ሳይሞላ እየበሱ መድኃኒት ወደ አፈሩ አስገቡ። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ባባ አዲስ መጅሊስ ያሠራ ነበርና መሠረቱ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ከማድ ቤቱ መስኮት አያለሁ። አፈሩን ጠቀጠቁ፤ ከዚያ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት አፈሩ ላይና የመሠረቱ ዳርና ዳር መድኃኒት ረጩ፤ ከዚያ ላስቲክ አነጠፉ፤ ከዚያ ነው ኮንክሪት የተሞላው። ገባኝ። እነሱ ምስጡን የሚጠብቁት ከቤቱ በፊት ነው። እኛ የምንጠብቀው ግድግዳው ሲጎብጥ ነው።

ያስደነገጠኝ ግን አናጢው ነው። ከመጅሊሱ ፊት ለፊት የእንጨት ጥላ ይሠራ ነበር፤ የፓኪስታን ሰው ነው፣ በዕድሜ የገፋ። እንጨቶቹ አረንጓዴ ነገር የሚል መልክ አላቸው፤ መድኃኒት የገባባቸው ናቸው። ሰውየው አንድ እንጨት በመጋዝ በቆረጠ ቁጥር መጋዙን ያስቀምጥና ከትንሽ ጣሳ በብሩሽ እየነከረ የተቆረጠውን ጫፍ ይቀባል። ይጠብቃል። እንደገና ይቀባል። ሻይ ስወስድለት በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛችን «ይሄ እንጨት መድኃኒት የለውም እንዴ? ለምን ትቀባዋለህ?» አልኩት። ቁራጩን አንስቶ ጫፉን አሳየኝ። ዙሪያው ቀለበት ሠርቶ አረንጓዴ ነው፤ መሀሉ ነጭ፣ ጥሬ እንጨት። በጣቱ መሀሉን እየነካ «እዚህ መድኃኒት አልገባም። ስቆርጠው በር ከፈትኩለት ማለት ነው» አለኝ።

ቆሜ ቀረሁ። ሻዩም በእጄ ቀረ።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ከዓመት በላይ ቆይቼ፣ ሰላምም ሳልለው፣ «እነዚያን እንጨቶች ስትተክሉ ቆርጣችኋቸው ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ረዝመው ነበራ እታለም። አናጢው ከስር ከስር በክንድ እየለካ ቆረጣቸው» አለኝ። የተበሉትን እንጨቶች ጥሏቸው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አጥሩ ስር ከምሯቸዋል። ፎቶ አንሳልኝ አልኩት። አነሳ። እህቶቼ፣ ቱቦ ናቸው። ዙሪያቸው ደህና፣ አረንጓዴው እንዳለ አለ። መሀላቸው አፈር ሞልቶታል። ወንድሜ ያዘዝኩትን ገዝቷል። ምስጡ መድኃኒቱን አልበላም፤ አናጢው በከፈተለት በር ገብቶ መሀሉን በላ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር አለኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ብር በላክሁ ቁጥር ሳልጠይቀው ደረሰኝ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ተው ብለው አይተውም። ይህ ያሳምመኛል።

አሁን ስለ እንጨቱ ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጠይቄያለሁ።

ባህር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ ቶሎ ስለሚያድግ ነው ሀገሩን የሞላው። አያቶቻችን ለቋሚ ጽድና ወይራ ይፈልጉ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእነዚያን ልብ ምስጥ ይጠላዋል። አሁን ጽድ የት አለ? ካለም መቁረጥ ያስጠይቃል። ከባህር ዛፍ ቀዩ ከነጩ ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን የሚሻለው ልቡ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት አጣና ደግሞ ገና ልብ አላወጣም፣ ባብዛኛው ለጋ ነው።

መድኃኒት የሚገባበት እንጨት ደርቆ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ በትልቅ በርሜል ውስጥ በግፊት ነው መድኃኒቱ የሚሰጠው። ቢሆንም መድኃኒቱ የሚገባው ወደ ውጭኛው ለጋ ክፍል ነው እንጂ ወደ ልቡ አይዘልቅም። ስለዚህ ሲገዛ በልኩ መግዛት ነው የመጀመሪያው። ከረዘመ የሚቆረጠው የላይኛው ጫፍ ነው፤ ጣራ ስር የሚገባው። ከፋብሪካ የመጣው ጫፍ ምንጊዜም ወደ ታች። አንዱን ጫፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ፣ ለሚስማርም ሆነ ለቡሎን ከተበሳ፣ ማገር ለማስገባት ከተፈለፈለ፣ ያ ቦታ ሁሉ ቁስል ነው። እንጨቱን ከሚሸጡት ሰዎች የመቀቢያ መድኃኒት አብሮ መግዛት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እያደረቁ ደጋግሞ መቀባት። አንድ ቀን ሙሉ ያቆያል ብሎ አናጢው ይቆጣል። ይቆጣ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይትስ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። እኛ ሀገር ሁሉም የሚቀባው እሱን ነው፤ አባቴም ቀብቷል። ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፤ ለጥቂት ጊዜ ምስጡን ያርቃል፣ ከዚያ ያልቃል። አፈሩንም ያበላሻል። ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ከሆነ ባይሞከር ይሻላል።

በሲሚንቶ ብንተክለውስ ያለችው እህት፣ እኔም እንዳንቺ አስቤ ነበር። ሲሚንቶው ሲደርቅ ይሸሻል፤ በእንጨቱና በሲሚንቶው መካከል የክር ያህል ክፍተት ይቀራል። ለምስጥ የክር ክፍተት አስፋልት ነው። ያ ሲሚንቶ እንደ ሲኒ ውኃም ይይዛል፤ እንጨቱ ረጥቦ ይቆያል፤ ምስጥ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ሠርግ ነው።

የሚሻለው እንጨቱን ጭራሽ አፈር አለማስነካት ነው። የድንጋይ መሠረት ከመሬት ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ይላል። ከመሠረቱ ውስጥ ብረት ይወጣል፤ ቋሚው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ከብረቱ ጋር በቡሎን ይታሰራል። መሬት ውስጥ ስላልተተከለ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ አናጢ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ በሁለቱም በኩል ወደ ታች የታጠፈ ቆርቆሮ ይገባል። ቆርቆሮው ምስጡን ይከለክለዋል ማለት አይደለም። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ከአፈር ቱቦ ሠርቶ በዚያ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ቆርቆሮው ሲኖር ያንን ቱቦ ዞሮ፣ ውጭ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ እንዲሠራው ይገደዳል። ታዩትና ታፈርሱታላችሁ። የጭቃ ቤት ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ምስጡ ከመሬት ተነስቶ በምርጉ ውስጥ፣ በጭዱ መካከል እየበላ ሲወጣ ማንም አያየውም። ጭዱም ለሱ ምግብ ነው። ወለጋ ውስጥ፣ መንዲና ነጆ አካባቢ፣ ምስጥ እህሉንም ሣሩንም ቤቱንም እንደሚበላ የዚያ ሀገር ልጆች ይነግሯችኋል፤ እዚህም አሉ፣ ጠይቋቸው። እንጨቱን ወስዶ ጎጆው ውስጥ እንጉዳይ ያበቅልበታል፤ እርሻ አለው ማለት ነው። ኩይሳው ተቆፍሮ ንግሥቲቱ ከወጣች አለቀ የሚሉም አሉ፤ ብትወጣ ደግ ነው፣ ግን ከአጥር ማዶ ሌላ ንግሥት ካለች ምን ይጠቅማል?

ግንባታ ላይ ደግሞ ይህን እዩ። የድሮ ጉቶ ቦታው ላይ ካለ ከነሥሩ ይነቀል። የተቆራረጠ እንጨት፣ ችካል፣ ካርቶን መሠረቱ ውስጥ አይቀበር፤ ሠራተኛ ሁሉ ቆሻሻውን እዚያ ሞልቶ ነው የሚደለድለው። የተገዛው እንጨት መሬት ላይ አይከመር፤ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። የማገዶ ክምር ግድግዳ ላይ አይደገፍ። የጣራው ውኃ ግድግዳው ስር እንዳይወርድ ቦይ ይሠራለት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ስናገር ረስቼው ነበር። መድኃኒት የገባበት እንጨት ቁራጭ አይነድም። ምድጃ ውስጥም፣ ለእንጀራም፣ ለቡናም። አረንጓዴው ዓይነት ውስጡ መዳብና አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ ጢሱም አመዱም መርዝ ነው። የኔን ቤት ቁራጮች እማ ሳታውቅ እንጀራ ጋግራበታለች። ምንም አልሆነችም ብዬ አልጽናናም። የአፈሩን መድኃኒትም ቢሆን ከገበያ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ አታስገዙ፤ ስም የሌለው መድኃኒት ልጅ ይጠጣዋል። ድሮ ለምስጥ ይረጩ የነበሩት እነ አልድሪንና ዲልድሪን በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት ዓለም የከለከላቸው ናቸው፤ አሁንም ከየጓዳው የሚወጣ አሮጌ ጣሳ ካለ መንካት የለበትም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። እኛ ከዚህ ሆነን እንጨት መትከል አንችልም። የምንችለው ብሩን መያዝ ነው። እኔ ለመጀመሪያው ቤት ብሩን በሦስት ጊዜ ነበር የላክሁት፤ ቪዲዮ ሲላክልኝም የማየው ቆርቆሮውንና በሩን ነበር። ከምስጥ ጋር የሚያገናኘው ቦታ ደግሞ ጭቃ ከተመረገ በኋላ ለዘላለም አይታይም። ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የመሠረት ብር እልካለሁ። መሠረቱን በስንዝር እየለካ በቪዲዮ ያሳየኛል። ከዚያ የእንጨት ብር። እንጨቱ ሲመጣ ሁለቱንም ጫፍ አያለሁ፤ አረንጓዴው ቀለበት አለ ወይ፣ ጫፉ በመጋዝ አዲስ ተቆርጧል ወይ። ሲቆም የእያንዳንዱን ቋሚ እግር ፎቶ፣ ከድንጋዩና ከቆርቆሮው ጋር፣ በቁጥር። የጣራ ብር ከዚያ በኋላ። የጭቃ ብር የመጨረሻ። የእግሩን ፎቶ ሳላይ የጭቃ ብር የለም።

ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም ወይ ያለችኝ አለች። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። እኔ ያላመንኩት ወንድሜን እንጂ አናጢውን አልነበረም፤ ጥፋቱ ግን አናጢው ጋ ነበር። ፎቶ ቢኖረኝ ኖሮ ያኔውኑ አየዋለሁ፤ ወንድሜንም አልሰድበውም። ስለዚህ ለወንድሜ እንዲህ አልኩት፦ «ይሄ ፎቶ ላንተ ምስክር ነው፤ ለኔ አይደለም።»

እግረ መንገዴን፣ በዕረፍታችሁ ቀን ቃስር አል ሆስንን ያላያችሁ እዩት። በዚህ ባሕር ዳር ያሉ የጥንት ቤቶች ጣራቸው የተሠራው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በጀልባ ተጭኖ በመጣ የማንግሮቭ እንጨት ነው። ከኛ በፊት የአፍሪካ እንጨት እዚህ መጥቶ ሠርቷል ማለት ነው። ጣራ ላይ ነው ያለው፣ ደረቅ ቦታ፣ ከአፈር ርቆ።

አሁን ሁለተኛው ቤት ተጀምሯል፤ ባለ 30 ቆርቆሮ ነው፣ ጉልበቴም ብሬም እንደ ድሮው አይደለም። ሐሙስ ማታ ወንድሜ የአሥራ ስምንት ቋሚዎች እግር ፎቶ ላከልኝ፤ በየአንዳንዱ ላይ ቁጥር በጠመኔ ጽፎበታል። አንድ በአንድ አየሁ። አሥራ አንደኛው ጋ ሠራተኞቹ ያወጡት አፈር ተከምሮ የቆርቆሮውን ጠርዝ ሸፍኖታል። አሁኑኑ አካፋ ይዘህ ጥረገው አልኩት። ምሽት ነው እታለም አለኝ። በባትሪ አልኩት። ጠረገና እንደገና ፎቶ ላከ። ዓርብ የጣራውን ብር ላክሁለት።